ቤቱን በምትተኚበት ሰዓት ስሚው

ጠያቂዋ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የምትሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ናት። መላሹ ከግንበኝነት ተነስተው ፎርማን እስከ መሆን የደረሱ፣ ኮንዶሚኒየምን ጨምሮ ብዙ ሕንፃ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ያቆሙ አዛውንት ናቸው። የአባቷ ወዳጅ ስለሆኑ “ጋሼ” ትላቸዋለች። የተነጋገሩት ስለ ኪራይ ቤት ነው።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ጀሞ አካባቢ አንድ ቤት አግኝቻለሁ፤ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ። ንጹሕ ነው፣ ቀለሙ አዲስ ነው፣ ሰፈሩም ጸጥ ያለ ነው። ደላላው “ዛሬ ቀብድ ካላስያዝሽ ነገ አታገኚውም” ብሎኛል። ከመክፈሌ በፊት እርስዎን ላማክር ብዬ ነው የመጣሁት።

ፎርማኑ፦ ጸጥ ያለ መሆኑን በምን አወቅሽ?

ነርሷ፦ ሄጄ አየሁታ።

ፎርማኑ፦ ስንት ሰዓት ላይ?

ነርሷ፦ ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ግድም።

ፎርማኑ፦ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ልጁ ትምህርት ቤት ነው፣ ወላጁ ሥራ ነው፣ ግሮሰሪው ወንበሩን ገና አላወጣም። ደላላ ቤት የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። ሰው ቤት ሊከራይ ሲሄድ ደግሞ ቀለሙን ያያል፣ ሴራሚኩን ያያል፣ ቧንቧውን ከፍቶ ይዘጋል፣ ይወጣል። ቆሞ የሚያዳምጥ የለም። ቀለም በሁለት ቀን ይቀባል፤ ከሥርሽ ያለውን ወፍጮ ቤት ግን ማን ያነሳልሻል?

ነርሷ፦ እውነት ነው። ግን ጋሼ፣ በእኔ ደመወዝ ሰፈር የሚመረጥ አይመስለኝም። ያገኘሁትን መያዝ ነው እንጂ።

ፎርማኑ፦ እንዲህ ብለሽ አትጀምሪ። በአንድ ብሎክ፣ በአንድ ፎቅ፣ በአንድ ዋጋ ሁለት ቤት ይኖራል፤ የአንዱ መኝታ ቤት ወደ አስፋልቱ፣ የሌላው ወደ ጓሮ የዞረ ነው። አንዱ ያስተኛል፣ አንዱ አያስተኛም። ኪራዩ ግን እኩል ነው፤ ዋጋ የሚወጣው በመኝታ ቁጥር፣ በፎቅና ለታክሲ በመቅረብ እንጂ በጸጥታ አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ የሌለውም ሰው ጸጥታን ሳይከፍልበት መምረጥ ይችላል። እንዲያውም አጥብቆ መምረጥ ያለበት እሱ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ካልተመቸው በወሩ ይለቃል። አንቺ ግን ቅድሚያውንና የደላላውን ኮሚሽን አንዴ ከከፈልሽ ጥርስሽን ነክሰሽ ትኖሪያለሽ።

ነርሷ፦ ጥርስን ነክሶ መኖሩም ዋጋ ያስከፍላል። ሰው “ለመድኩት” ይላል፤ ሰውነቱ ግን አይለምደውም። ተኝቶ ሳለ ባይነቃ እንኳ ድምፅ በመጣ ቁጥር የልብ ምቱ ይጨምራል፣ የደም ግፊቱም ከፍ ይላል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ለልብ በሽታ ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በመኝታ ክፍል ውስጥ የሌሊቱ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ሹክሹክታን እንደ መስማት ማለት ነው።

ፎርማኑ፦ በእኛም አገር ልክ ተቀምጧል። ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ ለንግድ አካባቢ 65 እና 55። ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያለው ነው።

ነርሷ፦ እንግዲያው ሕጉ አጥብቆ የሚጠብቀው እኔ ሥራ ላይ ያለሁበትን ሰዓት ነው። እኔ የምተኛው ከጠዋቱ ሦስት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ፎርማኑ፦ ዋናው ነገር ይኸውልሽ። “ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው ወይ?” ብለሽ ብትጠይቂ የሚረባ መልስ አታገኚም። መጠየቅ ያለብሽ “እኔ በምተኛበት ሰዓት ጸጥ ይላል ወይ?” ብለሽ ነው። ለሌላው ሰው ትምህርት ቤት ደህና ጎረቤት ነው፤ ማታና ቅዳሜ እሑድ ጭር ይላል። ለአንቺ ግን ከመጠጥ ቤት ይብሳል። በቪላ ግቢ ውስጥ የተከፈቱትን መዋዕለ ሕፃናት ታውቂያቸዋለሽ፤ ጠዋት በማይክ ሰልፍ ያሰልፋሉ፣ መዝሙር ያዘምራሉ፣ በየእረፍቱ ልጆቹ ግቢውን ይሞሉታል። ልጅ ይጫወት፣ መጫወት አለበት። አንቺ ግን ከዚያ አጥር ሥር አትከራዪ።

ነርሷ፦ ከሳምንቱ ግማሹን ደግሞ ተረኛ አይደለሁም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ሌሊት ነው የምተኛው።

ፎርማኑ፦ ስለዚህ ለሁለቱም ሰዓት መፈተን አለብሽ። በሥራ ቀን አራት ሰዓት ላይ ሂጂ፤ ቁልፉን ከአከራይዋ ተቀበዪና መኝታ ቤቱ ውስጥ መስኮቱን ዘግተሽ፣ ስልክሽን አጥፍተሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ወለሉ ላይ ቁጭ በዪ። ደላላው አብሮሽ አይግባ፤ እሱ ካለ ያወራል፣ ካወራ አትሰሚም። ከዚያ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ከወንድምሽ ጋር ተመልሰሽ ሂጂ፤ ቤቱ ውስጥ ባትገቢ እንኳ መስኮቱ ሥር ቁሚ። አከራይዋ ሁለተኛ ጊዜ ማየትሽን ከጠላች፣ መጥላቷ ራሱ መልስ ነው።

ነርሷ፦ በስልክ መለካትስ? ድምፅ የሚለካ አፕ አለ ይላሉ።

ፎርማኑ፦ አለ፣ በነፃም ይጫናል። ቁጥሩን እንደ ማስረጃ አትያዢው፤ የስልክ ማይክ ለዚህ ተብሎ የተሠራ አይደለም። በአንድ ስልክ ሁለት ቤት ለማነጻጸር ግን በቂ ነው። በ10 ዴሲቤል የሚበልጠው ቤት ለጆሮሽ እጥፍ ያህል ይጮኻል፤ የአንድና የሁለት ልዩነት ግን እንዳያስጨንቅሽ። መስኮቱ ተዘግቶም ተከፍቶም ለኪ፤ በሙቀት ወራት ከፍተሽ መተኛትሽ አይቀርምና።

ነርሷ፦ ከመንገድ ምን ያህል ብርቅ ይበቃኛል?

ፎርማኑ፦ ድምፁ ከምን እንደሚመጣ ይወስነዋል። ጄኔሬተር አንድ ቦታ የቆመ ነገር ነው፤ ከእሱ ያለሽን ርቀት እጥፍ ባደረግሽ ቁጥር ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። መንገድ ግን የተዘረጋ ነው፤ ርቀቱን እጥፍ ብታደርጊ የሚቀንሰው 3 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከመንገድ ስትሸሺ በርቀት ብቻ አትመኪ፣ የሚጋርድሽን ነገር ፈልጊ። ኮንዶሚኒየም ላይ ከአስፋልቱ ፊት ለፊት የቆመው የመጀመሪያው ረድፍ ብሎክ ድምፁን ይቀበልልሻል፤ ከኋላው ያለውን ሁለተኛውን ረድፍ ያዢ። ታክሲ ለመያዝ የምትሄጂው የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው፤ የእንቅልፍሽ ልዩነት ግን ትልቅ ነው። ከባድ መኪና ቀን ቀን በአብዛኛው የከተማው መንገድ እንዳይሄድ ስለተገደበ አሸዋና ጠጠር የጫነው ሲኖ ትራክ የሚያልፈው ሌሊት ነው። ዳገት ላይ ያለ ቤት ከሆነ ማርሽ ሲቀይር ትሰሚዋለሽ፤ ቁልቁለት ከሆነ ፍሬኑን።

ነርሷ፦ አውሮፕላንስ? ቦሌ በኩል ቤት ያሳየኝ ሰው ነበር።

ፎርማኑ፦ የቦሌ ማኮብኮቢያዎች በግምት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው። በሁለቱ ጫፎች ትይዩ ያለ ሰፈር ከአውሮፕላን መነሻና መውረጃ ሥር ነው፤ በጎን በኩል ያለው፣ ቅርብ ቢሆን እንኳ፣ ይሻላል። ወደ ውጭ የሚሄደው በረራ ደግሞ ማታ ይበዛል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ቆመሽ ከሰማሽው ማንንም መጠየቅ አያስፈልግሽም።

ነርሷ፦ ስለ ውጩ ይሄ ይበቃኛል። ቤቱ ውስጥ ገብቼ ምን ልይ? እርስዎ ከሠሩት ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ፎርማኑ፦ ድምፅ በሁለት መንገድ ነው የሚገባው። አንዱ በአየር ይመጣል፤ ወሬ፣ ሙዚቃ፣ ጥሩምባ። ሌላው በሕንፃው አካል ውስጥ ይሄዳል፤ ወንበር ሲጎተት፣ ልጅ ሲዘል፣ ቡና ሲወቀጥ። ሙቀጫው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሲመታ ሶሌታው ራሱ ከበሮ ይሆናል፤ ከታች ያለው ሰው ከወቃጯ ይልቅ ይሰማዋል። የአየሩን መስኮት ዘግተሽ ትቀንሺዋለሽ። የሶሌታውን ግን ከታች ሆነሽ ምንም ልታደርጊው አትችዪም፤ መድኃኒቱ ያለው ከላይ ነው። ከሙቀጫው ሥር ወፍራም ጎማ ማድረግ፣ የወንበሩን እግር ላስቲክ ማልበስ፣ ምንጣፍ ማንጠፍ። ይህን የምታደርግልሽ ጎረቤትሽ ናት፤ ስለዚህ ከላይሽ ማን እንደሚኖር ሳታውቂ ውል አትፈርሚ። ወጥተሽ በሯን አንኳኪ። “ከታች ልከራይ ነው፣ የሌሊት ሠራተኛ ነኝ” በያት። አቀባበሏን ታያለሽ።

ነርሷ፦ ሳልገባ ገና?

ፎርማኑ፦ ሳትገቢ ነዋ። ከገባሽ በኋላ ብትሄጂ ቅሬታ ነው፤ ሳትገቢ ስትሄጂ ግን ትውውቅ ነው። የአገራችን ሰው ነርስ ተኝታለች ካሉት ልጁን ይቆጣል፣ ሙቀጫውን ወደ በረንዳ ያወጣል። ሳይነገረው ግን ከየት ይወቅ?

ነርሷ፦ የመጨረሻውን ፎቅ ብይዝ ከዚህ ሁሉ አልገላገልም?

ፎርማኑ፦ ከእግር ኮቴ ትገላገያለሽ። ግን ባለ አራት ፎቆቹ ብሎኮች ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ አጠገብሽ ያለውን ሰው አትሰሚም፤ በበጋ ደግሞ ቀን ሙቀቱ ይወርድብሻል፣ አንቺ ደግሞ ቀን ነው የምትተኚው። ኮርኒሱን እዪ፤ ያልተሰነጠቀ፣ ቀዳዳ የሌለው ከሆነ ትንሽ ይሻላል። ውሃም እላይ ድረስ ለመድረስ ግፊት ያጥረዋል፣ ሊፍት የለም፣ ጀሪካን የምትሸከሚው አንቺ ነሽ። ለሌላ ሰው የመጨረሻውን ፎቅ እመርጥለታለሁ፤ ለአንቺ ከጫፉ አንድ ዝቅ ያለውን።

ነርሷ፦ ግድግዳውስ?

ፎርማኑ፦ አንኳኪው። ብሎኬት ከሆነ ድምፁ ድፍን ይላል፣ ጣትሽንም ያምሻል። ችፑድ፣ ጂብሰም ወይም አግሮስቶን ከሆነ ያስተጋባል። አንዳንድ አከራይ ሳሎኑን ለሁለት ከፍሎ ለሁለት ተከራይ ያከራያል፤ መሃል የቆመው ችፑድ ነው። ያኔ የጎረቤትሽን ማንኮራፋት ብቻ ሳይሆን የስልክ ንግግሩንም ትሰሚያለሽ፤ እሱም ያንቺን። ድምፅን የሚያቆመው ክብደት ነው። ከባድ ግድግዳ ያቆማል፣ ቀላሉ ያሳልፋል። የእንቁላል ካርቶንና ስፖንጅ ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ ሰዎች አሉ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ከጎረቤት የሚመጣውን አያቆምም። ገንዘብሽን አታባክኚ።

ነርሷ፦ በሩ ላሜራ ነው፤ ሲዘጋ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

ፎርማኑ፦ የላሜራ በር ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። አንድ ዘዴ ልንገርሽ። መጋረጃውን ጋርደሽ፣ መብራቱን አጥፍተሽ፣ ጨለማው ውስጥ ቁሚና በሩንና መስኮቱን ዙሪያውን እዪ። ብርሃን የሚሾልክበት ቦታ ሁሉ ድምፅም የሚገባበት ነው። ከበሩ ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር ዋጋ የለውም። የበር ላስቲክ ከግንባታ ዕቃ መሸጫ ይገዛል፣ ርካሽ ነው፣ ራስሽ ትለጥፊዋለሽ። የተሰነጠቀ መስታወት ካለ ግን ከመግባትሽ በፊት አከራይዋ ትቀይር፤ ከገባሽ በኋላ አትቀይርልሽም።

ነርሷ፦ እሺ፣ ይሄን ሁሉ ያየሁት ዛሬ ያለውን ነው። ነገ የሚመጣውን በምን ላውቅ? የሥራ ባልደረባዬ ጸጥ ያለ ሰፈር ገብታ በሦስተኛው ወር ጎኗ ግንባታ ተጀመረ። ሌሊት ሚክሰር ሲዞር ነበር የሚያድረው።

ፎርማኑ፦ ምልክት አለው። ቀና ብለሽ የጎረቤቱን ጣሪያ እዪ። ከኮለኑ አናት ላይ ፌሮ ብቅ ብቅ ብሎ ከቀረ ባለቤቱ ገና ፎቅ ሊጨምር አስቧል፤ ገንዘብ ባገኘ ቀን ይጀምራል። አጥር ሥር አሸዋና ጠጠር ተቆልሎ፣ ሣር ካልበቀለበት ሥራው ቀርቧል፤ ሣር ከበቀለበት ቆሟል ማለት ነው። አዲስ የታጠረ ባዶ መሬት ካለ ባለቤቱን ፈልጊ። ሶሌታ የሚሞላ ቀን ደግሞ ሥራው ተጀምሮ አይቋረጥም፤ ኮንክሪቱ መሃል ላይ እንዳይደርቅ እስኪያልቅ ይሠራል፣ ሌሊቱ ቢነጋም። እኔ ራሴ ስንቱን ሌሊት አድሬበታለሁ፤ የምነግርሽ ከሥራው ወገን ሆኜ ነው። ከወረዳውም ጠይቂ። የኮሪደር ልማትና መልሶ ማልማት የገባባቸው ሰፈሮች እንዴት እንደተለወጡ አይተሻል፤ ካዛንቺስን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ቢሄድ ሳያውቀው ያልፈዋል።

ነርሷ፦ ሌላስ ምን ምልክት አለ?

ፎርማኑ፦ ግድግዳ ላይ የጥላሸት ጥቁር ጭረት ካየሽ፣ ሥሩ ጄኔሬተር አለ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ያ ጢስና ድምፅ ወዳንቺ ነው። ምድር ቤቱ ላይ ባንክ ያለበት ብሎክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ማታ ሰላም ነው፣ ጥበቃም አለው፣ ቀን መብራት ሲጠፋ ግን ላንቺ ጉድ ነው። ጠዋት ማልደሽ ከሱቁ ጀርባ ዙሪ፤ የቢራ ሳጥን ከተደረደረ ቀን “ምግብ ቤት” የተባለው ማታ ሌላ ነው። ሞንታርቦ ከበሩ በላይ ወደ ውጭ ዞሮ ከተሰቀለ ባለቤቱ ለመንገደኛው ነው የሚያጫውተው። ደረጃው ላይ ቢጫ ጀሪካን ከየበሩ ተሰልፎ ካየሽ የውሃውን ፈረቃ ማንም ሳይነግርሽ አወቅሽ፤ የፈረቃው ቀን ሌሊት ዲናሞ ሲያንቋርር እንደሚያድርም እወቂ። የአጥሩ ግንብ ላይ የጭቃ መስመር ካለ ክረምት ጎርፉ እስከዚያ ደርሷል።

ነርሷ፦ አንድ ነገር ግን እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ አላውቅም። የቤተ ክርስቲያኑንና የመስጊዱን ድምፅ። ረበሸኝ ማለት ይከብደኛል፤ ቅዳሴ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ፎርማኑ፦ ረበሸኝ አትበዪ። ግን እወቂው። ሰዓታቱ ሌሊት ነው፣ ኪዳኑ ንጋት ላይ ነው፣ አዛኑ ገና ሳይነጋ ይጀምራል። በየትኛው ታቦት አጠገብ እንደምትኖሪ ካወቅሽ የወሩን ቀን ታውቂያለሽ፤ ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔዓለም በ27። ዓመታዊው በዓል ዋዜማ ማኅሌቱ ሌሊቱን ይቆማል፣ ከበሮውም እስኪነጋ ነው። ፍልሰታና ረመዳን የየራሳቸው ሌሊት አላቸው፤ የጸሎት ቤቶችም የአዳር ፕሮግራም አላቸው። ማንም ላይ ጣት አልቀስርም፤ ሰው ፈጣሪውን እያመሰገነ ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ ግን ሞንታርቦው ወደ ሰሜን ከዞረ የደቡቡ ቤት ይተኛል። የትኛው ወገን እንደሆነ ማየት ኃጢአት አይደለም።

ነርሷ፦ ይህን ለራሴ መናገር ፈርቼ ነበር። አሁን ቀለለኝ። ሰውስ ማንን ልጠይቅ? ደላላው የሚነግረኝ የሚሸጠውን ነው።

ፎርማኑ፦ ዘበኛውን፣ ባለ ሱቁን፣ ጉልት የምትሸጠዋን። ደግሞ “ሰፈሩ ይረብሻል?” ብለሽ አትጠይቂ፤ ማንም ሰፈሩን አያማም፣ “ኧረ ምንም አይል” ይልሻል። “ቅዳሜ ማታ ግሮሰሪው ስንት ሰዓት ይዘጋል?” በዪው። “ባለፈው መብራት የጠፋ ቀን ጄኔሬተሩ እስከ ስንት ሰዓት ሠራ?” “ሐምሌ ላይ ታክሲ እስከ የት ይገባል?” እንዲህ ስትይው ትክክለኛውን ይነግርሻል። ከሁሉም በላይ “የበፊቱ ተከራይ ለምን ለቀቀ?” ብለሽ ጠይቂ፤ ከቻልሽ ደግሞ እሱኑ ፈልገሽ አግኚው። የሚሸጥልሽ ነገር የሌለው ሰው እሱ ብቻ ነው።

ነርሷ፦ ማታ ወጥቼ ጠዋት ነው የምመለሰው። ከድምፁ ይልቅ እናቴን የሚያስጨንቃት መንገዱ ነው።

ፎርማኑ፦ ልክ ናት። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ከታክሲው እስከ ደጃፍሽ በእግርሽ ሂጂ። የመንገድ መብራቱ ይበራል? ሱቆቹ ክፍት ናቸው? የተከፈተ ሱቅ ከዘበኛ ይበልጣል። እዚህ ላይ ከጸጥታው ጋር መመዛዘን አለብሽ፤ በጣም ጭር ያለ መንገድ ለጆሮ ደህና ነው፣ ለብቻዋ ለምትሄድ ሴት ግን አይደለም። እኔ ብሆን ትንሽ ድምፅ ያለበትን፣ ሰው ያለበትን መንገድ እመርጥልሻለሁ።

ነርሷ፦ ከገባሁ በኋላ ነገሩ ቢበላሽስ? ሕግ የለም ወይ?

ፎርማኑ፦ አለ፣ ድሮም ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን በጢስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅና በንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ እንዳያውክ ይከለክላል። ስለ አካባቢ ብክለት ቁጥጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አለ። ወረዳው ጋ ሄደሽ ማመልከት ትችያለሽ፤ ለብቻሽ ሳይሆን ከብሎኩ ኮሚቴ ጋር ሆነሽ ብታመለክቺ ይሻላል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፦ በክስ የሚመላለስ ሰው አይተኛም። ሕጉ ከገባሽ በኋላ ለሚመጣው ነው፤ ከመግባትሽ በፊት ያለውን ጆሮሽ ይፍረድ።

ነርሷ፦ ውሉስ?

ፎርማኑ፦ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ስለዚህ የስድስት ወር ቅድሚያ አምጪ የሚልሽን አትስሚው። ሁለት ዓመቱ ደግሞ ለአንቺ ዋስትና ነው፤ ያለአግባብ አያስወጡሽም። ግን ሁለት ዓመት የምትኖሪበትን ቤት በአሥር ደቂቃ አይተሽ ትወስኛለሽ ወይ? መስታወቱ እንዲቀየር፣ ጄኔሬተር ካለ ሰዓቱ እንዲወሰን የተስማማችሁት ሁሉ ውሉ ላይ ይጻፍ። በቃል የተባለ ነገር ቁልፉን እስክትቀበዪ ብቻ ነው።

ነርሷ፦ ደላላው ዛሬ ማታ መልስ ይጠብቃል። “ሌላ ሰው መጥቶ አይቶታል” ብሎኛል።

ፎርማኑ፦ ሌላ ሰው ሁልጊዜ አለ። ቀብድ አትክፈዪ። ነገ አራት ሰዓት ላይ ቁልፉን ተቀበዪ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀመጪ፣ ከላይ ያለችውን ሴት አናግሪ፤ ቅዳሜ ማታ ተመለሺ። እስከዚያ ከተያዘ ተያዘ፤ ጀሞ ላይ ብቻ ስንት ብሎክ አለ። ቤቱን ብታጪው ይቆጭሻል፤ ቁጭቱ ግን ሁለት ዓመት አይቆይም።

ነርሷ፦ እሺ ጋሼ። ለደላላው እደውልለታለሁ።

ፎርማኑ፦ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ይህን ለሚሰማኝ ተከራይ ሁሉ እላለሁ። አንድ ቀን አንቺም ትለቂያለሽ። ስትለቂ ስልክ ቁጥርሽን ለዘበኛው ተዪለት፤ አዲስ ሊከራይ የመጣ ሰው ከደወለልሽም የጄኔሬተሩን ሰዓት፣ የውሃውን ፈረቃ፣ የቅዳሜውን ማታ አንድም ሳትደብቂ ንገሪው።